ወንድሟን ያላስቀጠረችው ልጄ

እኛ ወላጆች ስማቸውን የምናውቃቸው ሥራዎች ጥቂት ናቸው። ሐኪም፣ መሐንዲስ፣ መምህር፣ ነርስ፣ ሒሳብ ሠራተኛ፣ ከዚያ ደግሞ ባንክ ቤት። «ልጅሽ የት ገባች?» ስንባል በአንድ ቃል መልሰን ምርቃት መቀበል እንወዳለን። የእኔን ትልቋን ልጅ ሥራ ግን በአንድ ቃል መመለስ አልተቻለኝም። በቅጥር ደብዳቤዋ ላይ የተጻፈው «የብዝኃነትና አካታችነት ባለሙያ» ይላል። ይህን ለዕድር ጓደኞቼ ስነግራቸው አንዷ «የፓርቲ ሥራ ነው እንዴ?» ብላ ጠየቀችኝ። ሌላዋ «ኤንጂኦ መሆን አለበት፤ ደህና ይከፍላል» አለች። ሁለቱም አይደለም። ሥራው በአንድ የልብስ ስፌት ፋብሪካ ውስጥ ነው፤ ደመወዙም ቀድሞ ከነበረችበት የኢንሹራንስ ድርጅት ያንሳል።

ልጆቻችን ስሙን ያልሰማነው ሙያ ይዘው ወደ ቤት የሚመጡበት ዘመን ነው። ይህኛው ሙያ ምን እንደሚሠራ፣ እንዴት እንደሚጀመር፣ ቤተሰብ መሐል ሲገባ ደግሞ ምን ዓይነት ጥያቄ ይዞ እንደሚመጣ በቤቴ ያየሁትን ላካፍላችሁ።

ሁለት ልጆች አሉኝ። ወንዱ ልጄ በሁለት ዓመቱ ማጅራት ገትር ይዞት ነበር። ነፍሱ ተረፈች፤ ጆሮው ግን አልተረፈም። እህቱ ያኔ አምስት ዓመቷ ነበር። ከቤታችን ቀድማ የምልክት ቋንቋ የያዘችው እሷ ናት። እሱ መስማት የተሳናቸው ልጆች ከሚማሩበት ትምህርት ቤት አዲስ ምልክት ይዞ ሲመጣ እሷ በዚያው ማታ ትቀበለዋለች፤ እኔና አባቷ በሳምንቱ። ሐኪም ቤት ታስተረጉማለች፣ ሱቅ ሲላክ አብራው ትሄዳለች። አንድ የሠፈር ልጅ «ደንቆሮ» ብሎ የሰደበው ቀን ቀሚሷ ተቀዶ ነው የተመለሰችው። ስለዚህ የሙያው ስም አዲስ ቢሆንብኝም፣ ልጄ ሥራውን የጀመረችው ደብዳቤው ከመጻፉ ከሃያ ዓመት በፊት ነው ብል አላጋነንኩም።

ዩኒቨርሲቲ ማኔጅመንት አጠናች። ተመርቃ በአንድ ኢንሹራንስ ድርጅት የሰው ኃይል ክፍል ውስጥ አራት ዓመት ሠራች። ሥራዋ የአመልካቾችን ማስረጃ መቀበል፣ ፈተና ማዘጋጀት፣ ውጤት መደመር ነበር። አንድ ጊዜ በሕግ የተመረቀ ዓይነ ስውር ወጣት ለሕግ ክፍሉ አመለከተ። የመግቢያ ነጥቡ ከደህናዎቹ ወገን ነበር። ፋይሉ ግን ለቃለ መጠይቅ ከሚጠሩት ውስጥ ሳይገኝ ቀረ። ለምን ብላ ብትጠይቅ «ቢሮው አራተኛ ፎቅ ነው፣ ደረጃ ላይ ቢወድቅ ማን ይጠየቃል?» የሚል መልስ ተሰጣት። ወጣቱ ግን ዩኒቨርሲቲውን አምስት ዓመት በደረጃ ነው የጨረሰው። እሷም ይህንኑ ተናገረች። የሰማት አልነበረም።

ማታ እቤት መጥታ ሕጉን መፈለግ ጀመረች። አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ እኔ ሠላሳ ዓመት አስተምሬ፣ መስማት የተሳነው ልጅ አሳድጌ፣ ይህ ሕግ መኖሩን የሰማሁት ያን ሰሞን ከእሷ አፍ ነው። አዋጅ ቁጥር 568/2000 ይባላል፤ የአካል ጉዳተኞችን የሥራ ስምሪት መብት የሚመለከት ነው። የአካል ጉዳተኞችን እኩል የሥራ ዕድል የሚያጣብብ አሠራር፣ ልማድና አመለካከት ሁሉ ሕገወጥ ነው ይላል። አሠሪው የሥራ ቦታውንና መሣሪያውን ለሠራተኛው እንዲስማማ አድርጎ የማመቻቸት ግዴታ አለበት። ከሁሉ የገረመኝ ደግሞ ይህ ነው፦ በአካል ጉዳቴ ምክንያት ልዩነት ተደርጎብኛል ብሎ የሚከስ ሰው ሲኖር፣ ልዩነት አለማድረጉን ማስረዳት ያለበት አሠሪው ነው። ሸክሙ የተከሳሹ ነው ማለት ነው። በ2002 ዓ.ም. ደግሞ አገራችን የአካል ጉዳተኞችን መብት የሚመለከተውን የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት አጽድቃለች።

ነገሩ ከውጭ የመጣ ፋሽን የሚመስላቸው አሉ። እኔም ይህን የሚሉ ሰዎች ሲያጋጥሙኝ አንድ ቁጥር እጠቅስላቸዋለሁ። በሥራና በቅጥር ልዩነት ማድረግን የሚከለክለውን የዓለም አቀፉን የሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 111 ኢትዮጵያ ያጸደቀችው በ1958 ዓ.ም. ነው፤ በንጉሡ ዘመን። በዘር፣ በጾታ፣ በሃይማኖት ሰው ከሥራ እንዳይገፋ ቃል የገባነው ዛሬ አያት የሆኑት አንባቢዎች ወጣት በነበሩ ጊዜ ነው። ሥራው አዲስ የመሰለን፣ ቃሉን በየፋብሪካውና በየቢሮው እየዞረ የሚጠይቅ ሰው ስላልነበረ ነው።

ልጄ ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ተዘጋጀች። ኢንሹራንሱን ሳትለቅ ቅዳሜና እሑድ ለአንድ የአካል ጉዳተኞች ማኅበር በነጻ አገለገለች፤ የአባላቱን የሥራ ማመልከቻ ትጽፋለች፣ ለቃለ መጠይቅ ታለማምዳቸዋለች። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን ከዳር እስከ ዳር አነበበች። እናት ከመውለዷ በፊት 30፣ ከወለደች በኋላ 90 ቀን ከነደመወዟ ፈቃድ እንዳላት፣ አባትም 3 ቀን እንደሚሰጠው እኔም ያወቅሁት እሷ ጮክ ብላ ስታጠና ነው። የምልክት ቋንቋዋ የቤት ስለነበር በትምህርት አስተካከለችው።

በዚያ ጊዜ ብዙ ጊዜ ከአፏ የማይጠፋው ስም የጠበቃዋ የየትነበርሽ ንጉሤ ነበር። ወሎ ተወልዳ በአምስት ዓመቷ የዓይን ብርሃኗን ያጣች፣ ሻሸመኔ ዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ገብታ የተማረች፣ ኋላም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ያጠናች ሴት ናት። ማየት አለመቻሏ ያለዕድሜ ከመዳር እንዳተረፋትና የትምህርት በር እንደከፈተላት በየመድረኩ ተናግራለች። የአካል ጉዳተኞችን ጉዳይ ከልማት ጋር የሚያያይዝ ማዕከል ከባልደረቦቿ ጋር መሥርታ፣ እ.ኤ.አ. በ2017 «አማራጭ ኖቤል» እየተባለ የሚጠራውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀብላለች። ልጄን የሳባት ሽልማቱ አይደለም። «እማዬ፣ እሷ ስለ ሰው ማዘን አትወድም፤ የምትጠይቀው ማን ምን መሥራት ይችላል የሚለውን ነው» ትለኝ ነበር። እኛ ቤት ደግሞ ለልጄ ያዘነ ሰው ሞልቷል፤ ምን መሥራት ይችላል ብሎ የጠየቀ ግን ጥቂት ነው።

ከሁለት ዓመት በኋላ ፋብሪካው ሰው ሲፈልግ አመለከተችና ገባች። ፋብሪካ እንዲህ ዓይነት ባለሙያ ለምን ይፈልጋል ትሉ ይሆናል። ልብሱን የሚገዙት የውጭ ኩባንያዎች ለአቅራቢዎቻቸው የሥነ ምግባር መመሪያ አላቸው። ልጅ አይቀጠር፣ ሴት በማርገዟ አትባረር፣ ሠራተኛ አይሰደብ፣ በዘርና በሃይማኖት ልዩነት አይደረግ የሚል ነው። መከበሩን የሚያይ ተቆጣጣሪ ይልካሉ። ፋብሪካው ካልተስተካከለ ትእዛዙ ሊቀርበት ይችላል። ሁለተኛው ምክንያት ከአገር ቤት ነው፤ አሠልጥነው ያቆሟት ሠራተኛ በሦስት ወሯ ጥላ ስትሄድ እንደገና ሌላ ማሠልጠን ገንዘብ ነው። ለምን እንደምትሄድ የሚጠይቅ ሰው ያስፈልጋል።

ታዲያ ቀኑን ሙሉ ምን ትሠራለች? መጀመሪያ ያየችው የቅጥር ማስታወቂያውን ነው። «ዕድሜ ከ25 ያልበለጠ፣ ያላገባች፣ ሙሉ ጤነኛ የሆነች» ይል ነበር። ከስፌት ጋር የማይገናኘውን ሁሉ በቀይ አሰረዘች። ቀጥላ የፈተናውን ወረቀት ያዘች። የመስመር ኃላፊዎች የወንዛቸውን ልጅ የማሳለፍ ልማድ ነበራቸው፤ እሷ እንደ አገር አቀፍ ፈተና በስም ምትክ የመለያ ቁጥር አስደረገች። አራሚው የአባት ስም አይቶ የማንን አገር ልጅ እንደሚያርም ማወቅ ቀረበት።

ከዚያ ወዲያ ያለው ሥራ ትንንሽ ነገር ይመስላል። የሴቶቹ መጸዳጃ ቤት ስላነሰ የዕረፍት ሰዓታቸው በሰልፍ ያልቅ ነበር፤ ሰልፉን በሰዓት ለክታ ለሥራ አስኪያጁ አሳየችው። የእሳት አደጋ ማስጠንቀቂያው በአማርኛ ብቻ ተጽፎ ነበር፤ ሲዳምኛ፣ ወላይትኛና አፋን ኦሮሞ የሚናገሩት ሴቶች እንዲገባቸው በሥዕልና በየቋንቋው ተለጠፈ። የአቤቱታ ሣጥኑ የሥራ አስኪያጁ በር ላይ ተሰቅሎ ኖሮ አንድ ዓመት ሙሉ ባዶውን ከርሟል፤ ወደ ልብስ መቀየሪያው ክፍል ስታዛውረው በሳምንቱ ወረቀት ገባበት። በካፍቴሪያው የክርስቲያንና የሙስሊም ሥጋ ወጥ በየድስቱ፣ በየጭልፋው እንዲለይ፣ በጾም ቀን የጾም ምግብ እንዲኖር፣ በረመዳን የማታ ፈረቃው ከማፍጠሪያው ጋር እንዳይጋጭ ተነጋግራ አስተካከለች። ጡት የምታጠባ እናት ወተቷን የምታልብበት አንዲት ጠባብ ክፍል ከመጋዘኑ ላይ ተቆርሳ ተሰጠች። ይህች ክፍል አራት ወር ደብዳቤ ጠይቃለች።

ባለቤቴ ይህን ሲሰማ «ይኼማ የቤት እመቤት ሥራ ነው» ብሎ ሳቀ። እውነቱን ነው። ለሃያ ሰው ድግስ የደገሰች ሴት ማን እንደሚጾም፣ ማን ከማን ጋር እንደማይቀመጥ፣ የትኛው እንግዳ ጉልበቱን እንደሚያመው አስባ ነው ወንበር የምትደረድር። ልጄ የምትደረድረው ግን ለብዙ መቶ ሰው ነው፤ ድግሱም የሌላ ሰው ነው፤ ደጋሹ ደግሞ ወጪውን ይቆጥራል።

በጥር 2017 ዓ.ም. ሜሪላንድ የሚኖረው ታናሽ ወንድሜ ደወለ። «እታለም፣ ልጅቷ የገባችበትን ሥራ እዚህ እየዘጉት ነው። አዲሱ ፕሬዚዳንት ገና በገባበት ዕለት በመንግሥት መሥሪያ ቤት ያሉትን እንዲህ ያሉ ቢሮዎች ዝጉ ብሏል። ወደ ባንክ ትመለስ» አለኝ። በዚያው ሰሞን የአሜሪካ የልማት ድርጅት ዕርዳታ በመቆሙ እዚህ አገር ብዙ ፕሮጀክቶች ተዘጉ፤ ከልጄ ጓደኞች መካከል በእነዚያ ፕሮጀክቶች ውስጥ በአካታችነት ሥራ ይኖሩ የነበሩ ሁለት ሴቶች ያለ ሥራ ቀሩ። አንደኛዋ የሁለት ልጆች እናት ናት። ስለዚህ የወንድሜን ስልክ እንደ ወሬ አልቆጠርኩትም።

ልጄ ራሷ ተቀብላ አነጋገረችው። «ጋሼ፣ ለገና ፈረቃ ይቀየርልሃል?» ብላ ጠየቀችው። አዎ፣ በየዓመቱ በእነሱ ጃንዋሪ 7 ከሌላ ሰው ጋር ይቀያየራል። ለአለቃው ሃይማኖቴ ነው ብሎ ጽፎ ነው የተፈቀደለት። «ያ የመጣው ከ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ ነው» አለችው። በዘር፣ በቀለም፣ በሃይማኖት፣ በጾታና በትውልድ አገር በሥራ ላይ ልዩነት እንዳይደረግ የሚከለክለው የአሜሪካ ሕግ፣ እንዲሁም እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣው የአካል ጉዳተኞች ሕግ አሁንም አሉ። የተዘጋው ቢሮው ነው። ወንድሜ ትንሽ ዝም አለና «እንግዲያው ስሙን ቀይሩትና ሥሩ» አለ። ሁላችንም ሳቅን።

ከዚያ ስልክ በኋላ ግን በዕድር መሐል ምክር ለሚጠይቁኝ እናቶች የምለው ነገር ተለየልኝ። ልጃችሁ በዚህ ሥራ ልሰማራ ካለ፣ ሥር ያለው ሙያ ይያዝ፤ አካታችነቱን እዚያ ላይ ይጨምርበት። የሰው ኃይል አስተዳደር፣ ሕግ፣ ሶሻል ወርክ፣ ሥነ ልቦና፣ ልዩ ፍላጎት ትምህርት ሁሉም ይሆናሉ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋን በዲግሪ መማር ይቻላል። ሕንፃ የሚሠራ መሐንዲስ እንኳ የዚህ ሥራ ሰው መሆን ይችላል፤ በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ሕዝብ የሚገለገልበት ሕንፃ ለአካል ጉዳተኞች መግቢያ እንዲኖረው አዝዞ ነበር፤ በየመንገዱ የምናየው ግን ደረጃ ነው። የቢሮው ስም ቢቀየር ወይም ቢታጠፍ ሙያው ያለው ሰው አይወድቅም።

ልጃችሁ ሥራውን ካገኘም ሦስት ነገር ጠይቁት። ሪፖርት የምታቀርበው ለማን ነው? ለዋናው ሥራ አስኪያጅ ካልሆነ ደብዳቤው መሳቢያ ውስጥ ይቀራል። በጀት አለህ ወይ? የሌለው ሰው በየዓመቱ የሴቶች ቀን ኬክ የሚቆርስ ይሆናል። የቅጥርና የዕድገት ፋይል ማየት ትችላለህ ወይ? ማየት ካልቻለ ማን እንደተገፋ በምን ያውቃል? የእኔ ልጅ የመጀመሪያውንና የሦስተኛውን አግኝታ ነው የገባችው። ሁለተኛውን እስካሁን እየለመነች ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልምጣ።

ወንዱ ልጄ በቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ የኢንዱስትሪ ማሽን ጥገና ተምሮ የብቃት ምዘናውን አልፏል። አባቱ መካኒክ ነበር፤ እጁን ከእሱ ነው የወሰደው። ከዚያ በኋላ አንድ ዓመት ከአምስት ወር ሥራ ፈልጓል። ማስረጃውን ያዩና ይወዱታል፤ እንደማይሰማ ሲያውቁ «እንጠራሃለን» ይሉታል። በስልክ እንደማይጠራ እንኳ አያስቡም። በዚህ መሐል እህቱ ያለችበት ፋብሪካ ሁለት የስፌት ማሽን ጥገና ሠራተኞች እፈልጋለሁ ብሎ ማስታወቂያ አወጣ።

የዚያን ዕለት ማታ ቡና ላይ ነገሩን ያነሳሁት እኔ ነኝ። «ወንድምሽን አስገቢልኝ» አልኳት። ጎረቤቴም ነበረች፤ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ብላ አገዘችኝ። ልጄ ሲኒዋን አስቀመጠችና «ማመልከት መብቱ ነው። ካመለከተ ግን ወንድሜ መሆኑን በጽሑፍ አሳውቄ ከኮሚቴው እወጣለሁ። አንድም ቃል አልናገርለትም» አለች።

እኔም ያለኝን ተናገርኩ። ዛሬም ቢሆን ክርክሬ ባዶ ነበር አልልም። ሕጉ አካል ጉዳተኛን አትግፉ ይላል፤ ልጄ ደግሞ አንድ ዓመት ከአምስት ወር ተገፍቷል። ለማታውቃቸው ሰዎች ስትከራከር የምትውል እህት ለገዛ ወንድሟ ስትሆን አፏን ከዘጋች፣ ሕጉ የማይሠራው ለእሱ ብቻ ነው? ደግሞስ በዚህ አገር ማን ነው ያለ ሰው የገባ? ሌሎቹ በአጎታቸው ሲገቡ የእኔ ልጅ በንጽሕና በር ላይ ይቅር?

እሷ ደግሞ እንዲህ አለችኝ። «እማዬ፣ የመስመር ኃላፊዎቹን የወንዛችሁን ልጅ አታስገቡ ብዬ በስም ምትክ ቁጥር ያስደረግኩት እኔ ነኝ። ነገ እሱ ቢገባ ቁጥሩ ይቀራል፣ የድሮው ይመለሳል። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ ሌላ ነው። ከእሱ በኋላ የሚመጣውን መስማት የተሳነው ሰው ሁሉ 'የእሷ ሰው ነው' ይሉታል። እሱንም በእጁ ሳይሆን በእኔ እንደገባ ያዩታል። አንድ ማሽን ቢበላሽበት የምንሰደበው ሁለታችንም ነን።» ባለቤቴ «ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ከአመዱ» ብሎ ነገሩን በቀልድ ሊያበርደው ሞከረ። አልበረደም።

ጠቡን ያቆመው ልጁ ነው። ጠረጴዛውን ሁለት ጊዜ መታ፤ እሱ ቤት ውስጥ «ወደ እኔ እዩ» ማለት ነው። በእጁ እንዲህ አለ፦ «ሥራው የማን ነው? የእኔ ከሆነ እኔ ልናገር። እዚያ አላመለክትም። እህቴ አለቃዬ ባለችበት ቤት መሥራት አልፈልግም። ልጅ ሆኜ በቂ ጊዜ አስተርጉማልኛለች።» ከዚያ ተነስቶ ሄደ። ጎረቤቴ ምን እንዳለ ጠየቀችን። ልጄ አስተረጎመችላት፤ ድምፅዋ እየተቆራረጠ።

ከዚያ ቀን በኋላ እህቱ አንድ ነገር ብቻ አደረገችለት፤ ለማኅበሩ አባላት ሁሉ የምታደርገውን። ማመልከቻውን አብራው አየች፤ አዋጁንም አሳተመችለት። እሱ ራሱ ሌላ ድርጅት አገኘ። የጠሩት በጽሑፍ መልእክት ነው፤ ማመልከቻው ላይ «እባክዎ በስልክ ሳይሆን በመልእክት ያግኙኝ» ብሎ ጽፎ ነበር። ለቃለ መጠይቁ አስተርጓሚ ራስህ ይዘህ ና አሉት። እሱ መልሶ፣ የሥራ ሁኔታን ማመቻቸት የአሠሪው ግዴታ መሆኑን አዋጁን በቁጥር ጠቅሶ፣ አስተርጓሚ ከሌላቸው ደግሞ ጥያቄውን በወረቀት እንዲያቀርቡለትና በተግባር እንዲፈትኑት በትሕትና ጻፈ። ደብዳቤውን አንብቤዋለሁ። አንድ ቀን የእኔን ተማሪ ያህል የፊደል ስሕተት የለበትም።

በተግባር ፈተኑት። ከቆሙት ማሽኖች አንዱን አስነስተው ጥፋቱን አግኝ አሉት። ሌሎቹ ተፈታኞች ጆሯቸውን ወደ ማሽኑ አስጠጉ። እሱ መዳፉን አስቀመጠበት። አባቱ ልጅ ሳለ ያስለመደው ነው፤ ሞተር ሲታመም በእጅ ይታወቃል ይለው ነበር። የላላውን አገኘና አጠበቀው።

ተቀጠረ ብዬ እልል እንድል ትጠብቁ ይሆናል። ገና ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ የሙከራ ጊዜ እስከ 60 የሥራ ቀን ሊሆን ይችላል ይላል፤ እነሱም ስልሳውን ሙሉ ወስደዋል። ዛሬ 41ኛው ቀኑ ነው። የክፍል ኃላፊው ጥሩ ሰው ነው ይላል፤ የሥራ ጓደኞቹ ግን አሁንም ከጀርባው ይጠሩታል፤ ምሳ ላይ ሲስቁ በምን እንደሚስቁ የሚነግረው የለም። ከመካከላቸው አንድ ወጣት ባለፈው ሳምንት አሥር ምልክቶች አስተምረኝ ብሎታል። የመጀመሪያው የለመደው «ቡና» የሚለውን ነው።

እህቱ ያለችበት ፋብሪካም ሁለቱን የጥገና ሠራተኞች ቀጠረ። በቁጥር የታረመው ፈተና ሲከፈት አንዷ ሴት ሆና ተገኘች፤ በዚያ ክፍል ሴት ስትቀጠር የመጀመሪያዋ ናት። ልጄ ይህን የነገረችኝ ማታ ልብስ እያጠፈች ነው፤ ሌላ ማስተካከል ያለባት ነገር እንዳለ እያሰበች ነበር። የጥገና ክፍሉ ለሴት የሚሆን ልብስ መቀየሪያ የለውም። ነገ ደብዳቤ ትጽፋለች።

እኔ ደግሞ የቀን መቁጠሪያው ላይ የልጄን የሥራ ቀኖች አንድ በአንድ አሰርዛለሁ። አሥራ ዘጠኝ ይቀራሉ።